ግሸንን የወጡ እግሮች

ሰኔ ላይ የጡረታ ሽኝት ተደረገልኝ። ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢ ተሸለምኩ፣ የመጨረሻው ተናጋሪም «ሲስተር፣ ከእንግዲህ ዕረፍት ነው፤ ቁጭ ብለሽ የልጅ ልጅሽን አጫውቺ» አለኝ። ጋቢውን በደስታ ተቀበልኩ። ምክሩን ግን አልተቀበልኩም። ጥቅምት ላይ ደሴ ሄጄ ለቅዳሜና እሑድ የሶሻል ወርክ ትምህርት ተመዘገብኩ። አሁን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አብዛኞቹ የክፍል ጓደኞቼ ከልጄ ያንሳሉ። ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ የቤት ሥራዬን ቀድሜ እጨርሳለሁ፣ መምህር ሲጠይቅ እጄን አወጣለሁ።

በቅርቡ ስለ ኑሮ ጥራት ተማርን። ከበሽታ ጋር የሚኖር ሰው ስንት ዓመት ኖረ ብሎ መጠየቅ እንደማይበቃ፣ እንዴት እንደኖረም መጠየቅ እንዳለበት መምህራችን አስረዳን። ጎበዝ ወጣት ነው። እጄን አወጣሁና «ስኳር ስላለባቸው አዛውንቶች የማውቀውን ልጻፍ?» አልኩት። «ባይጽፉ ነው የምቆጣው» አለኝ። ስለዚህ ጻፍኩ። የማላውቀውን አልጨመርኩም፤ የማውቀውንም ሰው እንዳይከፋው ብዬ አላለሳለስኩም።

ሥራ የጀመርኩት አምባሰል ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ ርቃ በምትገኝ አንዲት ክሊኒክ ነው። ደመወዙም መንገዱም የሚወራላቸው አልነበሩም። የሚወራላቸው ጋሽ ይመር ናቸው። የክሊኒኩ ጤና ረዳት ነበሩ፤ የአገሩ ሰው «ድሬሰሩ» ይላቸዋል። እኔ ያኔ ከትምህርት ቤት መውጣቴ ስለነበር ስለ ስኳር በሽታ የማውቀው የሚበላውንና የማይበላውን ነው። ጋሽ ይመር ግን ከምግብ አይጀምሩም። በሽተኛው ገና ሳይቀመጥ «ሰሞኑን የት ሄዱ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ጥያቄው የሰላምታ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት «የት እሄዳለሁ ልጄ? ቤቴ ነኝ» ሲሏቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ገበያስ?»

«ምራቴ ትሄዳለች።»

«ቅሬስ?» ቅሬ በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ሆኖ ሬሳውን የሚቀብርበት፣ ሐዘኑን የሚካፈልበት ማኅበር ነው።

«ሄጄስ? ብዪ፣ ጠጪ፣ አፈር ስሆን ይሉኛል። እምቢ ስል ይቀየሙኛል። ተውኩት።»

ጋሽ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። «ስኳራቸውን ከመለካትሽ በፊት ይሄን ጻፊ» አሉኝ። «እናታችን ታስረዋል።»

ከዚያ ሳፋቸውን ያወጣሉ። ለብ ያለ ውኃ ጨምረው ክርናቸውን ይነክሩበታል፤ ስኳር የቆየበት እግር ሙቀት ስለማይሰማው ውኃው እንደማይፈጅ ሌላ ሰው ሊያረጋግጥለት ይገባል። በሳሙና ያጥቡና በየጣቱ መካከል በፎጣ ያደርቃሉ። ተረከዙን ቫዝሊን ይቀባሉ፤ በጣቶቹ መካከል ግን አይቀቡም፣ እርጥበቱ ቆዳውን እንዳያበሰብሰው። ቀጥሎ ከዝንብ መከላከያ ጭራቸው ላይ አንድ ፀጉር ይነቅሉና «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ሲነካዎት ይንገሩኝ» ይላሉ። ፀጉሩ ጎብጦ ቆዳውን ሲነካ ዝም የሚል ሰው አለ። ያ ሰው እሾህ ቢወጋውም ዝም ነው የሚለው። በመጨረሻ ጫማውን አንስተው ያራግፋሉ፣ እጃቸውንም እስከ ጫፉ ያስገባሉ። ከኮንጎ ጫማ ውስጥ ጠጠር፣ የበቆሎ ፍሬ፣ አንዴም የልጅ ብይ ሲያወጡ አይቻለሁ። ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ ረግጦት ውሎ አላወቀም።

ሰዎቹ እግራቸውን ማሳጠብ ያፍራሉ። አንድ ሼህ «ኧረ ተው ይመር! በዚህ ሽበትህ የእኔን እግር? ነውር ነው!» አሏቸው።

«ከዚያ ሁሉ አገር የመጣ እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ ሲመለስ ነው ነውሩ። ያምጡት፣ ውኃው እየቀዘቀዘ ነው።»

«ወላሂ፣ ሚስቴ እንኳ አጥባኝ አታውቅም።»

«ጥፍርዎን አይታ ነዋ!»

ሼሁ እየሳቁ ሳለ እግራቸው ሳፋው ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሁሉንም ከጋሽ ይመር ተማርኩ ብል ግን እውነት አይሆንም። አንዱን የተማርኩት ከአያ ሙላት ነው። አያ ሙላት ሲያርሱ በአምባሰል ቅኝት የሚያንጎራጉሩ፣ በየዓመቱም ለመስከረሙ ንግሥ በባዶ እግራቸው ግሸን የሚወጡ ገበሬ ነበሩ። ያን ሰሞን ጋሽ ይመር ፈቃድ ወጥተው እኔ ብቻዬን ነበርኩ። የጭራው ፀጉር እግራቸውን ሲነካ አያ ሙላት ዝም አሉ። እኔም በትምህርት ቤት እንደተማርኩት «ዘንድሮ ይቅርብዎ» አልኳቸው። «ዳገቱ ይቅርብዎ፣ ጠላው ይቅርብዎ፣ ግሸን ይቅርብዎ።»

«እሺ ልጄ፣ ይቅር» አሉኝና አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። የሚሰማ በሽተኛ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ኅዳር ላይ ልጆቻቸው በቃሬዛ አመጧቸው። ጨርቁን ሳልፈታው ሽታው ሁሉን ነገረኝ። ግሸን ወጥተው ነበር። ስለታም ድንጋይ የውስጥ እግራቸውን ሰንጥቆት ደሙን እስኪያዩ ድረስ አላወቁም። ቁስሉ ሲመረቅዝም በጨው ውኃ እያጠቡ ቤታቸው ተቀመጡ።

«ለምን ያኔውኑ አልመጡም፣ አያ?»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ ነዋ። ይቅርብዎ ብለሽኝ ነበር።»

ደሴ ላክናቸው። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ነገር ግን እስኪሞቱ ድረስ ከደጃፋቸው አልወጡም፣ ሲያንጎራጉሩም የሰማቸው የለም።

ጋሽ ይመር ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። እጃቸውን እየታጠቡ «ሰውዬው መሄዱ አይቀርም ነበር» አሉኝ። «ያንቺ ምርጫ የነበረው ነግሮሽ ይሂድ ወይስ ተደብቆሽ የሚለው ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲህ «ይቅርብዎ» የሚለውን ቃል ለማንም አዛውንት አልተናገርኩም። ባልደረቦቼ ሲናገሩት ስሰማም ዝም አልልም።

በኋላ ወደ ሐይቅ ከተማ ተዛወርኩ። የራሴን ሳፋ ገዝቼ በጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ኃላፊ ጠራኝና «ሲስተር፣ ሰው ተሰልፏል፤ እግር እኮ ቤታቸውም ይታጠባሉ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱንም ከላይ የሚጠይቁት ስንት ሰው አያችሁ ብለው ነው።

«መታጠቡንስ ይታጠባሉ፤ ማን ያይላቸዋል? ዓይናቸው ደክሟል፣ ጎንበስ ማለትም አይችሉም።»

«ሪፖርቱ ላይ መግቢያ የለውም።»

«እንግዲያው ሳይጻፍ ይታጠብ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ኃላፊዎች ሄዱ፣ ሌሎች መጡ፤ ሳፋው ኮሪደሩ ላይ ቆየ።

እማማ የሺንና እማማ ጦይባን ያወቅኳቸው በዚያ ኮሪደር ላይ ነው። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። እማማ የሺ ቅመም ሲሸጡ፣ እማማ ጦይባ ደግሞ የሐይቁን ዓሣ ሲጠብሱ ኖረው አብረው አረጁ፤ ስኳርም አብሮ ያዛቸው። ሁለቱም ኢንሱሊን ይወጋሉ። ማቀዝቀዣ ስለሌላቸው ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርገን ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለን እናስቀምጥላቸው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒቱ ሲጠፋ የቀረችው አንዲት ብልቃጥ የእማማ ጦይባ ነበረች። እኔ በየራሳቸው ንጹሕ መርፌ እየሳብኩ ለሁለቱም ከእሷ አካፈልኳቸው። ብልቃጧ ልታልቅ ስትል እማማ የሺ «ለእኔና ለጦይባ መድኃኒት ይድረስልን እንጂ ግሸን በባዶ እግሬ ወጥቼ እስማለሁ» ብለው ተሳሉ። መድኃኒቱ ደረሰ።

ስለቱን ግን በየዓመቱ አንድ ነገር ያስተጓጉለው ነበር። እኔ ጡረታ በወጣሁበት ክረምት እማማ የሺ «ዘንድሮ እወጣለሁ» አሉ። ልጃቸው ጌታቸው ባጃጅ ነጂ ነው። ቤታቸው አስጠራኝ።

«ሲስተር፣ እርስዎን ትሰማለች። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ስኳር ግሸን አይወጣም፣ አርፈሽ ተቀመጪ ይበሉልኝ።»

«አርፌ የምተኛበት ቀን ሲደርስ አንተው ትሸኘኛለህ» አሉ እማማ የሺ። «አሁን ስለት አለብኝ።»

«ስለቱ የእኔም ነው» አሉ እማማ ጦይባ። «በእኔም ስም ነው የተሳለችው። ባትወጣ እኔ ነኝ የማፍረው። እኔም አብሬያት እሄዳለሁ።»

«እርስዎ ደግሞ እስላም ሆነው ግሸን ምን አለዎት?»

«መድኃኒቱ እስላም ናት ብሎ ተመልሷል?»

ጌታቸው መሣቅ አልቻለም። «እግሯ ቢቆረጥስ?» አለኝ። «ሲስተር፣ እናቴ እኮ ናት።»

ፍርሃቱ እውነት ነበር። እኔም ፈርቼ ነበር። ያኔ ግን የሚያዘኝ አለቃ አልነበረኝም፣ የምጠይቀውም ፈቃድ አልነበረም። «ይወጣሉ» አልኩት። «እኔም አብሬ እወጣለሁ። አንተም ትመጣለህ፤ ሳፋውን የሚሸከም ሰው ያስፈልገኛል።»

ክረምቱን በዝግጅት አሳለፍነው። ጣት የማይጨብጥ ሰፊ የሸራ ጫማ ለሁለቱም ገዛንላቸው፤ ቤት ውስጥ በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ እያደረጉ ተለማመዱት። ካልሲው ነጭ የጥጥ ይሁን አልኩ፤ የማይሰማቸውን ቁስል ደሙ እንዲናገርልን። ዝናብ ሲያባራ በሐይቁ ዳር እየተጓዝን ጉልበታቸውን አጠነከርን። ሐኪሙ ለመንገዱ ቀን የመድኃኒታቸውን መጠን ቀነሰልን። የቀረው «በባዶ እግሬ» ያሉት ነው። ለነፍስ አባታቸው የጭራውን ፀጉር አሳየኋቸውና በፊታቸው የእማማን እግር ነካሁት። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ዝም አሉ። ቄሱም ፀጉሩን ተቀብለው አዩና «ባዶ እግሩን በጧፍ ለውጬዋለሁ» አሉ። «ከመንገድ በፊትም ብዪ። ለአንቺ ምግቡ መድኃኒት ነው።»

እማማ የሺ እጃቸውን ስመው «እሺ አባቴ» አሉ። ያ እሺታ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር፤ እንዲህ ያለ እሺታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አውቃለሁ።

የንግሡ ዕለት ጠዋት ሁለቱንም መርፌያቸውን ወጋኋቸውና ዳቦ ሰጠኋቸው፤ እማማ ጦይባ እዚያው በሉ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ምእመን ሁሉ ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ የሚጾም ነበር። እማማ የሺ በሰው ፊት ማላመጥ አፈሩ። ዳቦውን በነጠላቸው ሥር ሸሸጉና ስንወርድ ለአንድ የኔ ቢጤ ሰጡት። እኔ የበሉ መስሎኛል።

መኪናው ከቆመበት በእግር ጀመርን። ዳገቱ ገና ሳይጋመስ እማማ የሺ ቆሙና ጌታቸውን «አንተ ከብት፣ የት ነው የምትወስደኝ?» አሉት። ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል።

«የደከማት ይመስለኛል» አለ ጌታቸው።

«የምን ደከማት!» አሉ እማማ ጦይባ። «ይቺ ሴትዮ ከተሳደበች ስኳሯ ወርዷል ማለት ነው። ደህና ስትሆን ሰው ታማለች እንጂ አትሳደብም።»

ጣታቸውን ወግቼ ስለካው እማማ ጦይባ ልክ ነበሩ፤ በጣም ወርዷል። ስኳር በጥብጬ ላቀርብላቸው ስል እማማ የሺ አፋቸውን ገጠሙ። በአጠገባችን ነጠላ ያጣፋ ሰው እየጎረፈ ያልፋል። «አላስቀደስኩም» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። እማማ ጦይባ ገፋ አድርገውኝ ኩባያውን ተቀበሉና በሁሉም ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጠጪ! ኃጢአቱ ካለ በእኔ ይጻፍ፤ እኔ እንደሆን ለአላህ የማስረዳው ብዙ ነገር አለኝ!» አሏቸው። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ቆም ብለው «ይጠጡ እናቴ፣ ይጠጡ» አሉና አልፈው ሄዱ። እማማ የሺ ጠጡ።

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ብስኩትም አበላኋቸው። ላባቸው ደረቀ፣ ዓይናቸው ጠራ። መልሼ ስለካው ስኳራቸው ተስተካክሏል። ያኔ ስለ ዳቦው ነገሩን። ጌታቸው ተነሥቶ አንድ ባለ በቅሎ ይዞ መጣ።

«በቃ። ወደ ታች እንመለሳለን። ሲስተር፣ አሁንስ አንድ ነገር ይበሏት!»

«ይመለሱ» ማለት ለእኔም ቀላሉ ነገር ነበር፤ የሚከሰኝም አይኖርም። «እማማ» አልኳቸው፣ «አሁን ደህና ነዎት። እየበሉ፣ እያረፉ፣ እያስለኩ ከወጡ መውጣት ይችላሉ። ሳይበሉ ግን አንድ እርምጃ አልሄድም። ምን ይሻላል?»

እማማ የሺ ብስኩቱን ከእጄ ነጥቀው በሕዝቡ ፊት ጎረሱት። አላመጡት፣ ዋጡት። «በቅሎው ለጌታቸው ይሁንለት፤ ፊቱ ገርጥቷል» አሉና በጦይባ ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

ወጣን። በየመታጠፊያው እየተቀመጥን፣ እየለካን፣ ብስኩት እየበላን፣ ሰው ሁሉ እየቀደመን ወጣን። ጌታቸው ሳፋውን በጀርባው አስሮ ከኋላ ይከተለን ነበር። አምባው ላይ ስንደርስ እማማ ጦይባ አጥሩ ሥር ጥላ ይዘው ተቀመጡ። እማማ የሺ ጫማቸውን አውልቀው በነጩ ካልሲ ገቡ። ጧፉን አበሩ፣ ደጃፉን ሳሙ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ብቻ ሲወጡ «ጦይባ፣ ደርሶልሻል፤ ዕዳችንን ከፍለናል» አሉ፤ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ።

የእኔ ሥራ ግን ገና ነበር። ወርደን አውቶቡሶቹ ከቆሙበት ሜዳ ስንደርስ እማማ የሺን ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ጌታቸው በጀሪካን ውኃ አመጣ። ካልሲውን አወለቅኩ። ደም የለም። አጠብኩ፣ በየጣቱ መካከል አየሁ። በቀኝ እግራቸው ትንሽ ጣት ጎን ላይ ውኃ ቋጥሯል።

«ይሰማዎታል?»

«ምንም።»

ሳላፈነዳው በንጹሕ ፋሻ ሸፈንኩት። «እስኪድን በየቀኑ መጥቼ አየዋለሁ፤ ይህም ጫማ እስከዚያ አይደረግም» አልኳቸው። ጌታቸው ጎንበስ ብሎ የእናቱን ጣቶች አንድ በአንድ በዓይኑ ቆጠራቸው። ሳፋውን አንስቶ ውኃውን ለወጠ። በእሱም የእማማ ጦይባን እግር አጥቤ አየሁ፤ ደህና ነበር።

ይሄኔ አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ አጠገባችን ቆመው ነበር። «እኅቴ፣ ምንድን ነው የምታይላቸው?»

«ስኳር ስላለባቸው እግራቸውን ነው አባቴ።»

«እኔም አለብኝ» አሉና ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ከጎናቸው አንዲት ሴት ቁጭ አሉ። ከዚያ ሌላ። ባሎች ሚስቶቻቸውን፣ ልጆች አባቶቻቸውን እየደገፉ አመጡ። እማማ ጦይባ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሰልፉን ያስተካክሉ ጀመር።

«ተራ ያዙ! ካልሲ አውልቁ! አንቱ፣ ይሄን ጥፍር ለሠርግዎ ነው ያሳደጉት? ያምጡት አይፈሩ፣ ሲስተር አትናከስም!»

አንገቴን ቀና ሳደርግ ሰልፉ ከአውቶቡሱ ኋላ ዞሮ ነበር። ረዳቱ «ሐይቅ! ሐይቅ! እንንቀሳቀስ!» እያለ በሩን ይደበድባል። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ጥሩምባውን ነፋ።

«እማዬ፣ መኪናው ጥሎን ሊሄድ ነው!» አለ ጌታቸው።

እማማ የሺ በፋሻ እግራቸው ላይ ሰፊ የፕላስቲክ ሰንደል አጥልቀው ተነሡ። የሽማግሌውን ከዘራ ተቀብለው አውቶቡሱ ፊት ቆሙና መስታወቱን አንኳኩ።

«ሞተሩን አጥፋው፣ አንተ ልጅ! ገና ስንት እግር አለ!»